የማልያው ምስክርነት

የአንድ ቅርስ ዋጋ ከታሪክ ጋር ባለው ዝምድና ይለካል። ዝምድናው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ቅርሱ ተራ ዕቃ ይሆናል። ይህ ለብራናና ለጋሻ እንደሚሠራ ሁሉ ለእግር ኳስ ተጫዋች ማልያም ይሠራል። ብራና የሚመረምር ሊቅ የቀለሙን ዓይነትና የፊደሉን አጣጣል ያያል፤ መጽሐፉ በእነማን እጅ እንደ ቆየም ይጠይቃል። ተጫዋች ለብሶታል የተባለ አሮጌ ማልያ የሚመረምር ባለሙያ መንገድም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ዲዬጎ ማራዶና በሜክሲኮ የለበሰው ሰማያዊ ማልያ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 በሜክሲኮ ሲቲ አዝቴካ ስታዲዮም አርጀንቲናና እንግሊዝ በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተጋጠሙ። ሁለቱ አገሮች በማልቪናስ ደሴቶች ሰበብ ከተዋጉ ገና 4 ዓመት መሆኑ ነበር። በ51ኛው ደቂቃ ማራዶና ኳሷን በእጁ መትቶ አገባ፤ ቱኒዚያዊው ዳኛ ዓሊ ቢን ናስርም ግቡን አጸደቁት። ከ4 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከራሱ ሜዳ ተነሥቶ ተከላካዮችን እያለፈ ሁለተኛዋን አስቆጠረ። አርጀንቲና 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለቱም ግቦች የተቆጠሩት ከዕረፍት በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ የኋላው ክርክር ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነውና።

ማልያው ራሱ የችኮላ ሥራ ነበር። ቡድኑ ከኡራጓይ ጋር ሲጫወት የለበሰው ሰማያዊ የጥጥ ማልያ በሙቀት ላብ እየጠጣ የሚከብድ ሆኖ በመገኘቱ፣ አሠልጣኙ ካርሎስ ቢላርዶ ቀለል ያለ እንዲፈለግ አዘዙ። ከከተማዪቱ ሱቆችም 38 ማልያዎች ተገዙ። ሰፊዎች የፌዴሬሽኑን ዓርማ በጥድፊያ ሰፉባቸው፤ ለአሜሪካ እግር ኳስ የሚውሉ ብርማ ቁጥሮችም በካውያ ተለጠፉባቸው።

ከጨዋታው በኋላ ማራዶና ማልያውን ከእንግሊዙ ተጫዋች ከስቲቭ ሆጅ ጋር ተለዋወጠ። የሚያስገርመው፣ ለእጅ ግቡ ምክንያት የሆነችውን ኳስ ሽቅብ የላካት ይኸው ሆጅ ነበር። ማልያውን ለዓመታት ካቆየ በኋላ ለእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በውሰት ሰጠው፤ በዚያም ለሃያ ዓመት ያህል ለሕዝብ ታየ። የባለቤትነቱ ሰንሰለት እንግዲህ አጭርና ግልጽ ነው፤ ከለባሹ ወደ ተቀባዩ፣ ከተቀባዩ ወደ ሙዚየሙ።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት ማልያውን ለሽያጭ ሲያቀርብ የማራዶና ቤተሰብ ተቃወመ። ተጫዋቹ ለሆጅ የሰጠው የመጀመሪያውን አጋማሽ ማልያ ነው፣ ግቦቹ የገቡበት ሌላ ነው ሲል ተከራከረ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ሰንሰለቱ ማልያው ከማራዶና እጅ መውጣቱን ይናገራል እንጂ በየትኛው አጋማሽ እንደ ተለበሰ አይናገርም። ላብና ጭቃም ቢሆን ለዚህ ምስክር አይሆኑም፤ ጨርቅን ማቆሸሽም ሆነ ማስረጀት ለአስመሳይ አይከብደውምና።

ፍርዱ የተገኘው ከራሱ ከአሠራሩ ነው። በእጅ የተሰፋ ዓርማ ከጓደኛው ጋር በትክክል አይገጥምም፤ አንዱ ጥቂት ያዘነብላል፣ ሌላው ከጨርቁ መስመር ጥቂት ይሸሻል። በካውያ የተለጠፈ ቁጥርም አቀማመጡና አብረቅራቂነቱ ከማልያ ማልያ ይለያያል። ባለሙያዎች የዓርማውን፣ የመስመሮቹንና የቁጥሮቹን ሁኔታ በዕለቱ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሶዝቢስም ማልያው የሁለተኛው አጋማሽ፣ የሁለቱም ግቦች ማልያ መሆኑን አስታወቀ። ማልያው በግንቦት 2022 በ7,142,500 ፓውንድ ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ለስፖርት መታሰቢያ ዕቃ በጨረታ ከተከፈለው ሁሉ የላቀ ዋጋ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከአንድ ማልያ የሰፋ ነው። የምስክሮች ቃል ለብቻው አይበቃም፤ ለባሹም ተቀባዩም ሊዘነጉ ይችላሉ። የዕቃው ገጽታም ለብቻው አይበቃም፤ ሊመሰል ይችላልና። የሰው ቃል፣ የዕቃው አሠራርና የዕለቱ ሥዕል ሦስቱ ተደጋግፈው ሲቆሙ ግን እውነት መሠረት ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ቦታ ሚዛናዊ ፈራጅ «ነው» ከማለት «ይመስላል» ማለትን ይመርጣል።

ሌላም ነገር አለ። ዓርማውን የሰፉት እጆች በዚያች የጥድፊያ ሰዓት ለታሪክ ማስረጃ እያኖሩ መሆናቸውን አላሰቡም። ከፋብሪካ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣ ማልያ ይህን ያህል የተለየ ምልክት ባልኖረውም ነበር። የሠራተኛው እጅ ያዛነፋት አንዲት ስፌት፣ ጊዜዋ ሲደርስ፣ ሚሊዮኖች ለወጡበት ክርክር ዋና ምስክር ሆና ቆመች።