ጄቱ የገዢው፣ ሞተሩ የማን?

አንድ አገር ጄት ገዛ ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሚሳኤሉና ስለ ዋጋው ነው። ሞተሩ የማን ነው? መለዋወጫውስ በማን ፈቃድ ይመጣል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የቀላል ተዋጊና የማሰልጠኛ ጄቶች ገበያ ታሪክ ግን በአመዛኙ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኖርዝሮፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹ ከአንድ ንድፍ ሁለት አውሮፕላን አወጣ። ሁለቱም በ1959 በረሩ። አንዱ ቲ-38 ተብሎ የአሜሪካ አየር ኃይል ማሰልጠኛ ሆነ። ሌላው ኤፍ-5 ነው፤ ዋጋው የማይከብድ፣ ጥገናው የማያስቸግር ተዋጊ። ዋሽንግተን በ1962 በወታደራዊ ዕርዳታ ለምታስታጥቃቸው ወዳጆቿ መረጠችው። ኢራን፣ ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ታጠቁት፤ ኢትዮጵያም በ1966 ተረከበች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. እነ ለገሠ ተፈራ በኤፍ-5ኢ የሶማሊያን ሚግ-21 ከሰማይ አወረዱ። ብዙ የማይነገረው የጀርባው ታሪክ ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ካርተር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ዕርዳታ ቀንሶ ነበር። ደርግ በበኩሉ ቃኘው ጣቢያን ዘግቶ የአሜሪካን ወታደራዊ ልዑክ አስወጥቷል። ከታዘዙት ኤፍ-5ኢዎች ከፊሎቹ ሳይመጡ ቀሩ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረችና የሚጎቿ አቅራቢ ከእጇ ወጣ። ሁለት ጎረቤታሞች እየተዋጉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም የአውሮፕላናቸውን ባለቤት አጡ። ኢትዮጵያ የዳነችው ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ በማዞሯ ነው።

ሻጩም ቢሆን ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። ካርተር በ1980 ለውጭ ሽያጭ ብቻ የሚሆን ተዋጊ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ወጪውን ግን ኩባንያው ይቻለው አለ። ኖርዝሮፕ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከኪሱ አውጥቶ ኤፍ-20ን ሠራ። በ1982 በረረ፤ ስመ ጥሩው አብራሪ ቸክ ዬገርም አስተዋወቀው። ነገር ግን ሬገን ሥልጣን ሲይዝ ኤፍ-16ን ለነፓኪስታንና ለነቬኔዙዌላ ከፈተላቸው። ዋነኛዋ ፈላጊ ታይዋን፣ ቻይና እንዳትቆጣ ሲባል ተከለከለች። ሌሎቹም የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ያልታጠቀውን እኛ ለምን እንግዛ አሉ። ከሦስቱ ናሙናዎች ሁለቱ ተከሰከሱ። በ1986 አንድም ገዢ ሳይረከበው ፕሮግራሙ ተዘጋ።

ኤፍ-20 ቢሞትም የሞተሩ ቤተሰብ አልሞተም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚሠራው ኤፍ-404 ዛሬ በገበያው በሚፎካከሩት በደቡብ ኮሪያው ኤፍኤ-50 እና በሕንዱ ቴጃስ ውስጥ አለ። በ2023 ማሌዢያ 18 ጄት ስትፈልግ ሁለቱም ቀረቡ፤ ኤፍኤ-50 በ920 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ማንም ቢያሸንፍ የሞተሩ ቁልፍ ያለው አሜሪካ ነው። ሕንድ በ2021 ካዘዘቻቸው 99 ሞተሮች የመጀመሪያው የተላከላት በ2025 ነው፤ እስከዚያ አዳዲሶቹ ቴጃሶች የሞተር ያለህ ሲሉ ከረሙ።

ከሞተር ያነሰ ዕቃም ሽያጭ ያስቀራል። አርጀንቲና ኤፍኤ-50 ስትፈልግ፣ አምራቹ ኩባንያ ስድስት ክፍሎች የብሪታንያ ስለሆኑ መሸጥ እንደማይችል በ2020 በደብዳቤ አሳወቃት። ሻጯ ሴኡል፣ ከልካይዋ ለንደን፣ ምክንያቱ የ1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት። አርጀንቲና በመጨረሻ በ2024 ከዴንማርክ 24 ያገለገሉ ኤፍ-16 ገዛች፤ እሱም በዋሽንግተን ይሁንታ ነው።

«ታዲያ ከምሥራቁ መግዛት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ቻይናና ፓኪስታን በጋራ የሚሠሩት ጄኤፍ-17 የሚበረው በሩሲያ ሞተር ነው። ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ የያዘው እጅ ብቻ ይለያል። ናይጄሪያ ጄኤፍ-17 ከፓኪስታን ተረክባ፣ ኤም-346 ደግሞ ከጣሊያን አዛለች። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈት ይሆናል። ግን ሁለት ዓይነት ጄት ማለት ሁለት ዓይነት መለዋወጫ፣ ሁለት ዓይነት ቴክኒሻንና ሁለት ዓይነት ሥልጠና ነው። ለድሃ አገር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ጄት አይገዛ የሚል ክርክር የለኝም፤ የአየር ክልሉን መጠበቅ የማይፈልግ መንግሥት የለም። ነገር ግን እንደኛ ያለ አገር ውል ሲፈርም የፓርላማ አባሉም፣ ጋዜጠኛውም፣ ግብር ከፋዩም ከዋጋው ቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ከሻጩና ከሻጩ ወዳጆች ጋር በተጣላን ማግስት ይህ አውሮፕላን ስንት ወር ይበራል? በ1969 ዓ.ም. መልሱ የመጣው ከውል ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነበር።