ከመቶ አምስቷ

እንግዲህ ነገሩ የተነሳው በቢራ ነው። ያውም በቀላል ቢራ፤ አልኮሉ ከመቶ 3.2 በማይዘል። ሳውዝ ዳኮታ በምትባለው የአሜሪካ ስቴት 19 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ቢራ ገዝቶ ቢጠጣ ማንም ተው አይለውም ነበር። ሕጉ ይፈቅድለታላ! ዘመኑ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ካላልኳችሁ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

አገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ሜዳ ነው፤ ስንዴና በቆሎ፣ ከብትና ነፋስ። ሕዝቡ በ1980 ሲቆጠር 700 ሺህ እንኳ አልሞላም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ ይነዳል፣ ይነዳል፣ አሁንም ይነዳል። እንዲህ ባለ አገር መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚሠሩት ዋሽንግተን በምትልከው ገንዘብ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ርቆ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሜይ 1980 አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በእግሯ ስትሄድ የሰከረ ሹፌር ገጭቶ ገደላት። እናቷ ካንዲ ላይትነር ሐዘኗን ታቅፋ ቤት አልተቀመጠችም፤ ጠጥተው በሚነዱ ላይ የሚዘምት የእናቶች ማኅበር አቋቁማ አገሩን አናወጠችው። ልጇን የገደለው ሰውዬ ታዲያ ጎረምሳ አልነበረም። ጎልማሳ ነበር። ይህችንም ያዙልኝ።

ሌላም ነገር ነበረ። በአንዱ ስቴት የመጠጫው ዕድሜ 21 ሲሆን በጎረቤቱ 18 ወይም 19 ነው። ልጆቹ ወሰን ተሻግረው ይጠጡና በሌሊት እየነዱ ይመለሳሉ። ሳይመለስ የሚቀር ግን አይጠፋም። ሰዉ እነዚያን ወሰኖች የደም ድንበር ይላቸው ጀመር።

ታዲያ ኮንግረስ ለምን በአንድ አዋጅ አይከለክልም? እኛ አገር በ2011 ዓ.ም.፣ በራሳችን አቆጣጠር፣ እንዲያ ነው የተደረገው፤ አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ተከለከለ፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1933 የወጣው 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጠጥን ነገር ለስቴቶቹ ትቶታል፤ ቢያንስ ስቴቶቹ እንዲያ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ኮንግረስ በፊት ለፊት በር መግባቱን ትቶ በጓሮ ዞረ። በ1984፣ የኒው ጀርሲው ሴናተር ፍራንክ ላውተንበርግ የገፋበት ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ማንንም አያዝም። ከ21 በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስቴት ከመንገድ ገንዘቡ ላይ መጀመሪያ ከመቶ 5፣ ቀጥሎ ከመቶ 10 ይያዝበታል፤ በቃ። ፕሬዚዳንቱ ሬገን፣ ያ ዋሽንግተን ከስቴቶች ላይ እጇን ታንሳ ሲል የኖረ ሰው፣ መጀመሪያ አንገራገረ፤ ኋላ ጁላይ 17 ፈረመ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ይኸው ብቅሉ የሁለት መንግሥታትን የቆየ ቅያሜ አወጣው። ሳውዝ ዳኮታ የትራንስፖርት ሚኒስትሯን ኤልዛቤት ዶልን ከሰሰች። በፌዴራሉ የመጀመሪያ ፍርድ ቤት ተረታች። ይግባኝ አለች፤ እዚያም ተረታች። በኤፕሪል 1987 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ሮጀር ቴሊንግሃይሰን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች ፊት ቆመ።

አሁን ጉዱን ስሙ። ስለ ስቴቶች መብት ሲሟገት የኖረው ዋናው ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት ለዋሽንግተን ፈረደ። ከሊበራሎቹ ወገን አውራ የሚባለው ብሬናን ደግሞ ከሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጋር ሆኖ ለሳውዝ ዳኮታ ቆመ። ሰባት ለሁለት፤ ጁን 23 ቀን 1987።

ሬንኲስት ምን አለ? ኮንግረስ ገንዘብ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል፤ ወጪው ለሕዝብ ጥቅም ይሁን፣ ሁኔታው በግልጽ ይነገር፣ ሁኔታውና ገንዘቡ ይዛመዱ፣ ሌላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ አይጣስ። ከመቶ 5 ማጣት ደግሞ ማባበያ እንጂ ማስገደድ አይደለም አለ። ኦኮነር አልተዋጠላትም፤ ጠጥተው ከሚነዱት መካከል ወጣቶቹ ጥቂቱ ናቸው፣ የቢራ መግዣ ዕድሜና የአስፋልት ገንዘብ ምን አገናኛቸው አለች። ያን የካሊፎርኒያ ጎልማሳ አስታወሳችሁ? እኔ በበኩሌ በዚህ ነገር ከኦኮነር ጋር ነኝ፤ ሕጉ ስንት ልጅ ከሞት እንዳተረፈ ሳስብ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ሳውዝ ዳኮታ በ1988 ዕድሜውን 21 አደረገች። ዋዮሚንግም በዚያው ዓመት። አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሽ ሬጅስተር ላይ የቆመ ያገሬ ልጅ የገዢን መታወቂያ እያገላበጠ የትውልድ ዓመት የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ሬንኲስት አንዲት ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ማባበል ከመጠን ሲያልፍ ማስገደድ ይሆናል ብሎ። ስንት ሲሆን? አልተናገረም።

መልሱ 25 ዓመት ፈጀ። በ2010 የኦባማ የጤና ሕግ ወጣ፤ ለድሆች መታከሚያ የሆነውን ሜዲኬይድን የማያሰፋ ስቴት አዲሱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነባሩንም ሊያጣ ይችል ነበር። 26 ስቴቶች ተሰብስበው ተሟገቱ፤ ሳውዝ ዳኮታም አለችበት። ጁን 28 ቀን 2012 ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ የድሮውን የቢራ መዝገብ አወጣና ለካበት። ያኔ ሳውዝ ዳኮታ ልታጣ የነበረው ከበጀቷ ከመቶ ግማሽ የማይሞላ ነው፤ የአሁኑ ግን ከአንድ ስቴት በጀት ከመቶ 10 በላይ ነው፤ ይህ ግንባር ላይ ሽጉጥ መደቀን ነው አለ። በዚህ ነጥብ ላይ እንደገና ሰባት ለሁለት። የተረታችበት መዝገብ መርቻዋ ሆነ።

እንግዲህ እምቢ ማለት መብቷ ሆነ፤ ለአሥር ዓመት ገደማም እምቢ አለች። ከዚያ በኖቬምበር 2022 ጥያቄው ለሕዝቡ ቀረበ። ለተጨመሩት ታካሚዎች ወጪ ከመቶ 90 የምትከፍለው ዋሽንግተን ናት። ሕዝቡ ይሁን ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሜዲኬይድ ሰፋ። ያስገደደው የለም።

ቢራውስ? ቢራው እስከ ዛሬ 21 ነው።