የወሰን ምስክር፦ ከርስት ዘመን እስከ ዲጂታል ካርታ በሰሜን ጎንደር

ከሊማሊሞ ማዶ ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው በአዲ አርቃይ ምድር፣ እንደ ሌላውም የጎንደር ደጋና ቆላ ሁሉ፣ የማሳን ወሰን ለረጅም ዘመን ያስከበረው የአዋሳኞች ምስክርነት ነበር። በርስት ሥርዓት፣ ማለትም ከአንድ ቀደምት አቅኚ በመወለድ የመሬት ድርሻ በሚገኝበት ሥርዓት፣ ስፋት የሚገመተው በጥማድ፣ አንድ ጥንድ በሬ በቀን ሊያርሰው በሚችለው መጠን ሲሆን፣ ወሰኑ ደግሞ በድንጋይ፣ በዛፍ፣ በፈፋና በሽማግሌዎች ቃል ይታወቅ ነበር። መሬትን በገመድ ለክቶ በጋሻ የሚመድበው የቃላድ አሠራር በሸዋና በደቡብ ቢስፋፋም፣ የጎንደርና የጎጃም ባለርስት ልኬታን ግብር መጨመሪያና ርስት መንጠቂያ አድርጎ ስላየው በእነዚህ አካባቢዎች ሥር አልሰደደም፤ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው ዐመፅም ከዚሁ ሥጋት ጋር የተያያዘ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት በማድረግ ርስትን ሻረ፤ ይሁን እንጂ የማሳው ወሰን እንደ ቀድሞው በጎረቤት ዕውቀት ላይ ቆየ። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር፣ የቀበሌ ኮሚቴዎች በየማሳው አራት አቅጣጫ የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም መመዝገባቸው፣ አሮጌው ምስክርነት በጽሑፍ መስፈሩን ያሳያል። ካርታ የተጨመረው በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ነው፤ በዚህም ገበሬው አዋሳኞቹ ባሉበት ወሰኑን ያመለክታል፣ ባለሙያውም በኦርቶፎቶ፣ ይኸውም የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣው መዛባት ተስተካክሎለት እንደ ካርታ በሚለካ የአየር ፎቶ ላይ፣ ያሰምረዋል።

መስመሩ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቶፖሎጂ፣ ማለትም አጎራባች ቅርጾች ሊጠብቁት የሚገባ የግንኙነት ሕግ፣ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሕጉም ሁለት ማሳዎች እንዳይደራረቡ፣ በመካከላቸው ባለቤት የሌለው ክፍተት እንዳይቀር፣ የጋራ ወሰናቸውም አንድ መስመር ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። አንድ ወሰን ከሁለቱም ወገን ለየብቻ ሲሰመር ቀጫጭን መደራረቦችና ክፍተቶች ስለሚፈጠሩ፣ በብዙ ሺህ ማሳዎች ላይ እነዚህን አንድ በአንድ ማረም አድካሚ ነው፤ ስለዚህም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በተወሰነ የተፈቀደ ልዩነት ውስጥ የሚቀራረቡ ነጥቦችን በጅምላ ያጋጥማል፣ ጠባብ ክፍተትንም ረጅም ወሰን ከሚጋራው ማሳ ጋር ያዋህዳል።

የጅምላ እርማት ጥቅሙ ታላቅ ቢሆንም፣ የተፈቀደው ልዩነት ከልክ ሲሰፋ በተዳፋት አገር ያለውን ቀጭን እርከን፣ የእግር መንገድ ወይም የጎርፍ መውረጃ ያለ ድምፅ ይውጣል። ኮምፒውተሩ የእጅ ስሕተት ያመጣውን መደራረብ ሁለት ገበሬዎች በእውነት ከሚከራከሩበት መሬት አይለይም፤ ሁለተኛውን በጅምላ ማረም ዳኛ ሳይሰማ ፍርድ መስጠት ነው። ስለዚህ ከእርማቱ በፊት ዋናው መረጃ በቅጂ ሊቀመጥ፣ ከእርማቱ በኋላም የየማሳው ስፋት ከቀድሞው ጋር ሊነጻጸር፣ ጉልህ ለውጥ ያሳየውም ወደ ባለይዞታዎቹ ሊመለስ ይገባል። የምዝገባው ውጤት ለሕዝብ ዕይታ የሚቀርብበት ደንብ ለዚህ የተመቸ መድረክ ነው። የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች የመስመርን ስሕተት ለማሽኑ፣ የመብትን ጥያቄ ግን ለአዋሳኞች ሊተዉ ይገባል፤ በሰሜን ጎንደር የወሰን ታሪክ ውስጥ ካርታ ምስክርን ሊያግዝ እንጂ ሊተካ አልቻለምና።