የአነስተኛ ትራክተር ሃይድሮሊክ ሲደክም፦ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ሊፈተሹ የሚገባቸው ጉዳዮች

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በተለይም በቢቸና ዙሪያ፣ ሰፊ የጥቁር አፈር ማሳ ይገኛል። ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ ጎማ ይይዛል፤ በመሆኑም ለትራክተር የሚመቹት ቀናት ጥቂት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ማረሻው አልነሳ ሲል፣ ወይም የፊት ጫኙ አካፋ ፍግና አሸዋ መሸከም ሲያቅተው፣ ባለንብረቱ በቅድሚያ የሚሰማው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በርካታ የሃይድሮሊክ ችግሮች ከዘይት ማነስ፣ ከፊልትሮ መደፈን ወይም ከአየር መግባት የሚመነጩ በመሆናቸው ምርመራው ወጪ ከማይጠይቀው ነገር መጀመር ይኖርበታል። ይህ ማብራሪያ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢያቸው ለሚገኙ የትራክተር ባለንብረቶች፣ ኦፕሬተሮችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው።

ከምርመራው በፊት

አካፋውንና ማረሻውን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያም በቱቦው የቀረው ግፊት እንዲወጣ የመቆጣጠሪያ እጀታዎቹን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ። በዘይት ኃይል ብቻ ተንጠልጥሎ ከቆመ አካፋ ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ዘይት የሚያፈስ ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም። በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ ሲሆን በአነስተኛ ትራክተር ሃይድሮሊክ ውስጥ ያለው ግን እንደ ሞዴሉ 150 ባርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከመርፌ ቀዳዳ በቀጠነ ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ መጀመሪያ ላይ እሾህ የወጋው ያህል ስለሚመስልና ሕመሙም ቀላል ስለሚሆን ተጎጂው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ሥጋው መሞት ይጀምራል፣ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ቀዳዳውን በካርቶን ቁራጭ ይፈልጉ። አደጋው ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድና «በከፍተኛ ግፊት የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል» ብሎ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ዘይቱ ምን ይናገራል?

የዘይት መጠን የሚለካው ትራክተሩ በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ አካፋውም ወርዶ ነው። በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ስለሆነ ገልባጭ ተጎታች ሲቀጠል ከዚያው ዘይት ይወስዳል። አንድ ተጎታች በበርካታ ትራክተሮች በሚፈራረቅበት ማኅበር ደግሞ የአንዱ ቆሻሻ ዘይት ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ መታወቅ አለበት።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ አረፋ ከያዘ አየር እየሳበ ነው፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ከመጠን በላይ ሞቋል። ሲጎድል የተገኘውን የሞተር ዘይት መጨመር አይገባም። በዚሁ ዘይት ውስጥ የሚሠሩ ፍሬኖች ያሉት ትራክተር ከሆነ ጉዳቱ ከሃይድሮሊኩ አልፎ ፍሬኑንም ያገኘዋል።

ፓምፑ የሚያፏጭ ከሆነ የአካባቢውን ከፍታ ማስታወስ ይጠቅማል። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። በዝቅተኛ ቦታ ችግር የማያሳይ፣ በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ እዚህ ቶሎ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ በቅዝቃዜ ወፍሮ ነው፤ ጭነት ከማንሳት በፊት ሞተሩን በዝግታ ማሞቅ ይበቃል። የማይጠፋ ከሆነ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎም የመሳቢያ ቱቦውን ማሰሪያዎች ይፈትሹ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ግራሶ ሲቀባ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባበት ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው።

ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ብቻ?

የፊት ጫኙም የኋላ ማንሻውም አብረው ከደከሙ ችግሩ በጋራ መንገዳቸው ላይ ነው፤ ይኸውም በዘይቱ፣ በፊልትሮው፣ በግፊት መልቀቂያ ቫልቩ ወይም በፓምፑ። አንዱ ብቻ ከደከመ ፓምፑን መወንጀል ተገቢ አይሆንም። የዚያን ክፍል ቱቦ፣ ጭቃ የገባበትን ወይም እስከ መጨረሻው ያልተገፋ የቱቦ ማያያዣ፣ ከዚያም ሲሊንደሩን ይመልከቱ። አካፋው ተነሥቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በፍጥነት የሚወርድ ከሆነ የሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ወይም የመቆጣጠሪያው ቫልቭ አልቋል፤ የቱ እንደሆነ መለየት የመካኒክ ሥራ ነው። ማረሻው አልወርድም ካለ ደግሞ ከመቀመጫው አጠገብ ወይም በታች የሚገኘው የአወራረድ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ። ለዚህች ብቻ ትራክተር ከእርሻ ማስወጣት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

ፓምፑን በእርግጥ የሚያስጠረጥረው ምልክት ሌላ ነው። ጠዋት በሚገባ ሲያነሳ የቆየው ማሽን ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ከደከመ ዘይት በተበሉ ክፍሎች ውስጥ ሾልኮ እየተመለሰ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ግፊቱ በመለኪያ ጌጅ ሳይለካ ፓምፕ አይገዛ። የግፊት መልቀቂያ ቫልቩን አጥብቆ ኃይል ለመጨመር መሞከር ቱቦ ያፈነዳል፣ የጫኙንም ብረት ያጣምማል፤ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው።

ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ሻጭ ሲኬድ

ዋስትናው ያላለፈ ትራክተር ፓምፑና ቫልቩ ከመፈታታቸው በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በሌላ እጅ የተፈታ ክፍል የዋስትና መብትን ሊያሳጣ ይችላል። በማመልከቻው ላይ የትራክተሩ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የሠራበት ሰዓት፣ ዘይትና ፊልትሮ የተቀየሩበት ቀን እንዲሁም ችግሩ ሲበርድ ወይስ ሲሞቅ እንደሚታይ ይገለጽ። ምክር የሚፈልጉ አርሶ አደሮች በቀበሌያቸው የልማት ሠራተኛ በኩል ወይም በቀጥታ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይችላሉ።

ፓምፕ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር በሰው የሚያስመጡ ከሆነ የአሮጌውን ፓምፕ ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩ፤ የሚዞርበትን አቅጣጫም ይግለጹ። የማርሽ ፓምፖች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠሩ ለቀኝ ዙር የተሠራው በግራ ዙር ላይ ከተገጠመ ሞተሩ እንደተነሣ የዘንጉን ጎሚኒ ሊያስወጣ ይችላል።