የ1966 ቤንዚን ከቦሩ ሜዳ ሲታይ

1966 ዓ.ም. ሲነሳ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ቤንዚንን ነው። የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ሰቀለው፤ መንግሥት በቤንዚን ላይ 50 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ከጭማሪው ቀነሰ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

ይህንኑ ዓመት ከደሴ አለፍ ብላችሁ ቦሩ ሜዳ ላይ ጠይቁ። ቤንዚን የሚያነሳ ሽማግሌ እኔ አላጋጠመኝም። መኪና የሌለው ሰው ምኑ ይወደድበታል? የሚነግሯችሁ ረሃቡን ነው። ከ1965 ጀምሮ የወሎ ገበሬ አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ አውቶቡስ እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር።

መኪናውማ ነበር፣ ነዳጁም ነበር። አማርትያ ሴን እንደጻፉት፣ በዚያ ረሃብ መሀል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ወሎዬው መግዣ አልነበረውማ!

ታክሲ ነጂው የራሱን መኪና አቁሞ ተሰማ። የሰው መኪና የሚያስቆመውን ገበሬ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየችው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ ያውም ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ አንድ ሌሊት ሲቀረው።