ጨው ሳይማሰል እንዴት ይጓዛል?

ከብርጭቆ ሥር ያለ ጨው ሳናማስለውም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይዘልቃል። ማን ገፋው?

ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግራም ይህን ጉዞ ብዙ ጊዜ ለክቶታል፤ ቀመሩን ግን አላገኘም። ያገኘው አዶልፍ ፊክ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ፊክ ዙሪክ ሆኖ፣ በሰውነታችን ውስጥ ፈሳሽ በስስ ሽፋን በኩል እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ ፈለገ። ታዲያ ምን አደረገ? ፈረንሳዊው ፉርየ በ1822 እ.ኤ.አ. ስለ ሙቀት ካሳተመው ሐሳብ ተዋሰ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ ሁሉ ጨውም ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ፍሰቱም ይጨምራል አለ። ከታች ጨው፣ ከላይ ንጹህ ውሃ ባለባቸው ቱቦዎች ለክቶ በ1855 አሳተመው።

በጠጣር ነገር ውስጥስ? እንግሊዛዊው ሮበርትስ-ኦስተን ወርቅን ከእርሳስ ብረት ግርጌ አድርጎ፣ እርሳሱ ሳይቀልጥ ለብዙ ቀናት አሞቀው። ወርቁ ወደ ውስጥ ዘልቆ ተገኘ! ውጤቱን በ1896 ሲያሳትም ፍጥነቱን ያሰላው በዚያው በፊክ ሕግ ነበር።

ዛሬ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በማሽን ሲታጠብ፣ ቆሻሻው በስስ ሽፋን አልፎ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ተማሪዎች፣ «ይሄ የኔ ትምህርት አይደለም» አትበሉ። ሐኪሙ ከሙቀት ትምህርት ባይዋስ ኖሮ ሕጉን መች ያገኘው ነበር?