የመራጮች ትምህርት በሰቆጣና በዋግ ኽምራ

የመራጮች ትምህርት ማለት ዜጋው መቼና የት እንደሚመዘገብ፣ ድምፁን እንዴት እንደሚሰጥ፣ የሰጠው ድምፅም በምስጢር እንደሚያዝ አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። «እገሌን ምረጡ» ማለት የፓርቲዎች ቅስቀሳ እንጂ የዚህ ትምህርት ድርሻ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድና ቦርዱ ፈቃድ የሰጣቸው ሲቪል ማኅበራት ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ደግሞ ትምህርቱ ከሌላው አካባቢ ይልቅ በርቀት፣ በቋንቋና በመፈናቀል ይፈተናል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ 426,213 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሰቆጣ ዋና ከተማው ናት። ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ ሰሃላ ሰየምት፣ አበርገሌና ፃግብጂ የተባሉት ወረዳዎች በደጋው ጫፍና ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ተበትነው ይገኛሉ። ገደልና ሸለቆ ቀበሌን ከቀበሌ ይለያል። ስለዚህ አስተማሪው መኪና ይዞ የማይደርስበት ሰፈር ብዙ ነው፤ በእግር ወይም በበቅሎ ይሄዳል።

ድምፅ በፖስታ ለምን የለም?

በኢትዮጵያ ሕግ በፖስታ ድምፅ መስጠት የለም። መራጩ በተመዘገበበት ምርጫ ጣቢያ ራሱ ተገኝቶ ይመርጣል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ማየት ስህተት ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ አገሪቱ በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ብትሆንም፣ ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ወደ ቤት ደጃፍ አይደለም። የዋግ ገበሬ አድራሻ ደብሩና ጎጡ ነው። በፖስታ የሚላክ የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን አድራሻ ይፈልጋል፤ ፊርማ ይፈልጋል፤ መመሪያውን ማንም ሳያግዘው አንብቦ የሚረዳ ሰውም ይፈልጋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በዋሽንግተን ዲሲ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነው። የከተማዋ የ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህም የድምፅ መስጫ ወረቀት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ በፖስታ ይላካል። ዜግነት ያገኘች አንዲት እናት ወረቀቱን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ልጇ እያነበበላት ልትሞላው ትችላለች። ድካም ይቀንስላታል፤ ሰልፍ ይቀርላታል። ነገር ግን የድምፁ ምስጢር በቤተሰቡ እጅ ገባ ማለት ነው። ባል ወይም ታላቅ ወንድም በሚያዝበት ቤት ውስጥ የምርጫ ጣቢያው መጋረጃ ለሴቲቱ ከፖስታው የበለጠ ከለላ ይሰጣታል። በዋግ ለሴቶች የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ ቢጀምር ይሻላል፦ ከመጋረጃው ኋላ ማንም አይገባም፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ቀድሞ መምረጥና ልዩ ምርጫ ጣቢያ

ለማንኛውም ዜጋ ክፍት የሆነ፣ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓትም በአገሪቱ አልተለመደም። በ2013ቱ ምርጫ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ቦርዱ የድምፅ መስጫውን ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ለማራዘም ተገዷል። ሰኔ ደግሞ በዋግ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን የሚያሰናዳበት፣ የማይታመነውን ክረምት የሚጠብቅበት ወር ነው። ምርጫውን በሁለትና በሦስት ቀን ላይ ማከፋፈል ቢቻል ሰፊ እፎይታ ይሰጥ ነበር።

ለዚህ የሚቀርበው የሕግ መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 የታወቀው ልዩ ምርጫ ጣቢያ ነው። በካምፕ ለሚኖሩ ወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ጣቢያው እነሱ ወዳሉበት ይሄዳል። ከሩቅ ሆኖ የመምረጥ የታወቀው አብነት ግን የሐረሪ ነው፦ የሐረሪ ጉባኤን 14 መቀመጫዎች ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ የብሔረሰቡ ተወላጆችም ይመርጣሉ። በ2013 ቦርዱ ይህን ባይቀበልም ጉዳዩ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተወላጆቹ ተወስኗል። የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት ያለው ዋግ ይህን ፍርድ በቅርብ ሊያጠናው የሚገባ ይመስለኛል።

ማን አስተማረ?

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ በ1950 ተካሄደ። የመራጮች ትምህርት በሲቪል ማኅበራት በኩል ጎልቶ የታየው በ1997 ነው። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ለገጠሩ መራጭ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ ገንዘብና ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ከሜዳው ወጥተዋል። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሣ፤ ለ2013ቱ ምርጫም ከ100 በላይ ማኅበራት መራጮችን ለማስተማር ፈቃድ አግኝተዋል። በአገሪቱ የተመዘገበው መራጭ ከ37 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ትምህርቱ በዋግ ሲሰጥ ቋንቋው ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው አማርኛ ይሰማል፤ በቤቱ ግን ኽምጣና የሚናገር ብዙ ነው፤ በተለይ አረጋውያንና ገጠር የሚኖሩ ሴቶች። «የመራጮች መዝገብ» የሚለው የጽሕፈት ቤት አማርኛ ለእነሱ ባዕድ ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣና ማሰራጨቱ ስለዚህ ከየትኛውም የግድግዳ ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል። የተለጠፈ ወረቀት ለሚያነብ ነው፤ ሬዲዮና የሰው ቃል ግን ገበያ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰንበቴና በዕድር ስብሰባ ላይ ይደርሳሉ።

ትምህርቱ የሚዘልቀው በእጅ ሲታይ ነው። አስተማሪው የልምምድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። መራጩ ካርዱን ያሳያል፤ ስሙ ከመዝገቡ ይታያል፤ ጣቱ በማይለቅ ቀለም ይነከራል። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ሁለት ወረቀት ይቀበላል። ማንበብ ለማይችል የመወዳደሪያ ምልክቱ መለያ ይሆነዋል፤ በእስክሪብቶ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራውን ከሚፈልገው ዕጩ አጠገብ ያኖራል። ስሙን ከጻፈበት ማንነቱ ስለሚታወቅ ድምፁ ይሰረዛል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ያደረገ ሰው ምርጫ ጣቢያ ሲገባ አይደናገጥም።

የሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌና የፃግብጂን ነዋሪዎች ከቀያቸው አፈናቅሎ ብዙዎቹን በሰቆጣና በአቅራቢያዋ ባለው የወለህ መጠለያ አስቀምጧል። አበርገሌ ተመዝግቦ ሰቆጣ የሚኖር ሰው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ «ድምፄ ለየትኛው ምርጫ ክልል ይቆጠራል?» በመጠለያ የሚያስተምር ሰው ምላሹን ከምዝገባው ቀን በፊት፣ በኽምጣና፣ በተፈናቃዩ ድንኳን ደጃፍ ላይ ማድረስ አለበት፤ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚደርስ ማብራሪያ ለዚያ ሰው ምርጫው ካለፈ በኋላ እንደ መጣ ይቆጠራል።